ወለምታ ነው ያልኩት እግር

ዓርብ፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ መስኮት ጥግ ያዝኩ። መድረሻዬ ደብረ ታቦር ነው። የምሄደውም ለአንድ አባትና እናት የልጃቸው እግር መቆረጡን ልነግር ነው። ልጁ ሙሉቀን ይባላል፤ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ረጅሙ ተጫዋች ነበር። አሁን እኔ ቤት፣ እኔ አልጋ ላይ ተኝቷል። ከናይሮቢ ከተመለስን ጀምሮ ለቤተሰቡ አልደወለም። «አንተ ሂድና ንገርልኝ፤ እኔ በስልክ አልችለውም» አለኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

እኔ የቡድኑ ወጌሻ ነኝ፤ ፋሻና በረዶ ይዤ ሜዳ ዳር የምቀመጠው ሰው። ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ ደመወዝ መብላት በአገራችን ብዙም ያልተለመደ ነገር ስለሆነ፣ አንድ ባለሀብት ቡድን አቋቁሞ በኬንያ ሊግ ሲያስመዘግበን ዘመድ አዝማድ አበባ ይዞ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘን። ናይሮቢ የጠበቀን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፍን፣ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ተመልካቹ ገና ስንገባ ይስቅብን ጀመር። ሙሉቀን ኳስ ሲይዝ ብቻ አዳራሹ ዝም ይል ነበር። በዚያ የመጀመሪያ የውድድር ዘመናችን ያሸነፍናቸውን ጥቂት ጨዋታዎች ያሸነፈልን እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ አፈነን። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሎሚ እያሸተተች ትጸልያለች። እኔን መጸለዩም አሳፈረኝ። የመጨረሻው ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው ሙሉቀን ቅልጥሜን አመመኝ ብሎ ሐኪም ቤት ወስጄው ነበር። እሱ ውስጥ ልብሱን ሲለብስ፣ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ የራጁን ፎቶ እያሳየኝ፣ «አጥንቱ ተሰንጥቋል፤ አንድ ወር እንዳይረግጥበት» አለኝ። ያን ጨዋታ ካላሸነፍን ከሊጉ እንወርዳለን፤ ከወረድን ቡድኑ ይበተናል፤ ቡድኑ ከተበተነ እኔን ማን ይቀጥረኛል? ይህን ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አሰብኩ። ሙሉቀን ሲወጣ «ወለምታ ነው» አልኩት። ለአሠልጣኙም እንዲሁ። በጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ዘሎ ሲወርድ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ቡድኑም ወርዶ ተበተነ።

አመሻሽ ላይ ባሕር ዳር ገባሁ። ራት አልበላሁም።

ቅዳሜ፤ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር

ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ወረታ አካባቢ ግራና ቀኙ የሩዝ ማሳ ነው። እዚያ የተሳፈሩ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው ሥራዬን ጠየቁኝ።

«ወጌሻ ነኝ» አልኳቸው።

«እሰይ! እስቲ ይችን ክንዴን እያት፤ ከበቅሎ ከወደቅሁ ወዲህ አልታጠፍ ብላኛለች።»

«አባቴ፣ እኔ የኳስ ወጌሻ ነኝ።»

«ኳስ ደግሞ አጥንት አላት?»

መኪናው በሙሉ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። የአገሩ ወጌሻ የተሰበረ ጠግኖ፣ የወለቀ መልሶ፣ በሠራው ይመሰገናል። የእኔ ሙያ በፋሻ ጠቅልሎ ወደ ሜዳ መመለስ ነው። ከአለም በር ከተማ በኋላ ዳገቱ ሲጀምር መስኮቱን ዘጋን፤ ብርዱ ሌላ አገር የገባን አስመሰለን።

ደብረ ታቦር መናኸሪያ የተቀበለኝ መምህር አስናቀ ነው፤ ሙሉቀንን በትምህርት ቤት ሜዳ ኳስ ያስያዘው የስፖርት አስተማሪ። ሙሉቀን አድራሻውን ሰጥቶኝ የእግሩን ነገር በስልክ ነግሬው ነበር። በሠላሳ ብር የድንች ወጥ አስቀርቦ እሱም ሳይበላ እኔም ሳልበላ ቀዘቀዘ። «ነገ እሑድ ነው» አለኝ። «ወላጆቹ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ይውላሉ። ከሰዓት ብንሄድ ነው የሚሻለው፤ በማለዳ ሰው ቤት መሄድ ደግ አይደለም።»

«ገና ሲነጋ ከሄድን ብቻ ነው የምችለው። ካረፈድኩ ወኔዬ ይከዳኛል» አልኩት። ደግ ሰው ነው፤ እሺ አለኝ።

እሑድ፤ ጋፋት

ወደ ሙሉቀን ወላጆች መንደር በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ውርጩ ጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። መምህሩ እንዳይበርደኝ ጋቢ አውሶኝ እስከ ራሴ ተከናንቤያለሁ፤ እሱም እንዲሁ። ገብሱን አቋርጠን ግቢው ስንደርስ የሙሉቀን እናት፣ እትዬ የሺ፣ ለቤተ ክርስቲያን ለብሰው በር ላይ ነበሩ። አባቱ አያ ገበየሁ ዱላቸውን ይዘው ከኋላቸው ብቅ አሉ። መምህር አስናቀ አንገቱን ደፍቶ፣ በቀስታ፣ እንዴት አደራችሁ አላቸው።

«ደህና፤ እግዜር ይመስገን። ይህ እንግዳ ማነው?» አሉ እናቲቱ።

«ከሙሉቀን ቡድን ነው የመጣ።»

«ሙሉቀንስ?»

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ቁርጡን ንገሩኝ!»

በአገሩ ደንብ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ጋቢ ተከናንቦ፣ ዝግ ብሎ፣ በሚያውቁት ሰው አፍ። እኛ ማንም ሳያዘን ደንቡን አንድ ሳናጎድል አሟልተን ቆመናል። ይህ የገባኝ እትዬ የሺ «ልጄን!» ብለው ደረታቸውን እየመቱ ሲወድቁ ነው። አያ ገበየሁ ዱላቸውን ጥለው ራሳቸውን ያዙ። ጎረቤት እየጮኸ ከየአጥሩ ወጣ። «አልሞተም!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ በዚያ ዋይታ መሐል ማን ይስማኝ! መምህሩ ተንበርክኮ በእናቲቱ ጆሮ «አለ! ሙሉቀን አለ! እግሩን ነው!» እስኪል ድረስ ልጁ ሞቶ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። እትዬ የሺ ተነስተው መሬት ሳሙ። እልል አሉ፤ የመጡት ሴቶችም ተቀበሏቸው። «ነፍሱ ትኑርልኝ እንጂ እግር ምን አባቱ!» አሉ። መምህሩ የቡድኑ ወጌሻ ይህ ነው ብሎ ሲነግራቸው ሁለቱን እጆቼን ይዘው ሳሟቸው። «የልጄን ነፍስ ያተረፍህ፣ እጅህ ይባረክ፤ ክፉ አይንካህ፤ ከጨነቀ ከጠበበ ያውጣህ።» ሰዉ «አሜን» አለ። እኔ ብቻ አሜን ማለት አቃተኝ። የተቆረጠ እግር ይዤ መጥቼ፣ ሞቶ የተነሳ ልጅ አምጥተሃል ተብዬ ተመረቅሁ።

አያ ገበየሁ ቅዳሴውን ትተው ሊሸኙኝ ወጡ። አንድ ምንጭ ጋ ስንደርስ መምህሩን ቅደም አልኩትና ቆምኩ። «አባቴ» ብዬ የሐኪሙን ቃል፣ ኮሪደሩ ላይ ያሰብኩትን፣ ወለምታ ነው ያልኩትን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መሐሉ ስንት ቀን ነበር?» አሉኝ።

«የቱ?»

«ሐኪሙ ከነገረህ ልጁ እስከተሰበረ።»

«ሁለት ቀን።»

«ሁለት ቀን ሙሉ አፍህ አልተፈታም? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ያንተ ወለምታም አይደል፤ ስብራት ነው።»

ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል በዱላቸው ከለከሉኝ። «እናቱ መርቃሃለች፤ ምርቃቷን አላስመልሳትም፤ ይህን አትሰማም። ልጁ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያስ እኔን ምን አስቀደመህ? ለእኔ የነገርኸውን ለእሱ ንገረው። ከፈቀደ ይዘኸው ና። ካልፈቀደም የአባቱን ቤት መንገድ ያውቀዋል።» ሳይጨብጡኝ ተመለሱ።

ሰኞ፤ አዲስ አበባ

ባሕር ዳር አድሬ፣ በመጣሁበት መንገድ ተመልሼ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰፈሬ ደረስኩ። ጉዞው ምን አስተማረህ ብባል፣ ያልተገባ ምርቃት ከእርግማን እንደሚከብድ ነው የምመልሰው። እርግማን ቢያንስ ይደርሰኛል ብለህ ትቀበለዋለህ።

ሙሉቀን አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እግሩ ከተቆረጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ተላጭቷል።

«አባዬ ምን አለ?»

«ናልኝ ብለዋል። እናትህ እልል ብለዋል።»

ሳቀ። ከናይሮቢ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር፤ ለነገ ላሳድረው ብዬ ልቤ ተመኘ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና፣ «ሐኪሙ ወለምታ ነው አላለኝም» አልኩት። የቀረውንም ነገርኩት።

ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፈፈ። ክራንቹን ከግድግዳው ሥር አነሳና ሊቆም ሞከረ፤ ተንገዳገደ። ዘልዬ በብብቱ ልይዘው እጄን ሰደድኩ።

«እጅህን አንሳ» አለኝ።

አነሳሁ። ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ብቻውን ቆመ።