በርበሬው ሥር የተነሰነሰው አመድ

ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው። ቀሐ ካለው ቤታችን ጓሮ የተከልኩት በርበሬ ገና ስንዝር አልሞላም። አንድ ማለዳ ብወጣ፣ በእያንዳንዱ ችግኝ ሥር አመድ ዙሪያውን ተነስንሷል። ወዲያው የጠረጠርኩት ጎረቤታችንን፣ ደብተራውን ነው። በቀደም ጤና አዳም ሊለምኑኝ መጥተው የክርስትና ስሜን ጠይቀውኛላ! ጤና አዳም ለመቁረጥ የክርስትና ስም ምን ያደርጋል?

አመዱን ጠርጌ ጸበል ረጨሁበት። በማግሥቱ አመዱ ተመልሶ ጠበቀኝ፤ ደግሜ ጠረግሁ። ሳምንት ሳይሞላ ችግኞቼ ከሥራቸው እየተቆረጡ ይወድቁ ጀመር። «ይኸው፣ መተቱ ሠራ!» አልኩ።

ጎሕ ሲቀድ መጥረጊያዬን ይዤ ብወጣ፣ በርበሬው መካከል ሰው አጎንብሷል። ለካ ከድብ ባሕር ሊጠይቁን መጥተው እኛው ዘንድ የሰነበቱት አማቴ ናቸው! ኪዳን ከመሄዳቸው በፊት አመድ ይነሰንሳሉ።

«ምነው እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ትሉ እንዳይቆርጠው ብዬ ነዋ! እኔ ስነሰንስ እየጠረገ ያስበላን ሰው አለ እንጂ» አሉና ወደ አጥሩ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ደብተራ ነው።»

መጥረጊያውን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«እኔም እኮ የጠረጠርኩት እሳቸውን ነው» አልኳቸው።