ሒራሳ የገባው ገበያ

ሌላውን ቃል ጽፌ ቢሆን ኖሮ ገበያችን በእጃችን ይቀር ነበር? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቀውም።

ሥራ የጀመርሁት በድርቁ ዘመን፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ ባለ የስደተኞች ሰፈር ነው። ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ቢሆንም፣ ዐረብኛ የምጽፍ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። የመጀመሪያው ቀን የረድኤት ድርጅቱ ኀላፊ አንድ ማመልከቻ አስገለበጠኝና፣ "ነጥቦቹን አትርሺ፤ በዐረብኛ ነጥብ ሰው ይገድላል" አለኝ። አስተርጓሚ ሆንሁ።

ገበያውን የሚያስተዳድሩት የራሳችን ሽማግሌዎች ነበሩ። ቀኑን ይቆርጣሉ፣ ቁናውን ያስተካክላሉ፣ ጠብ ይዳኛሉ። የሱዳን ገበሬዎች ማንም ሳይከለክላቸው ማሽላ በአህያ ጭነው ይመጣሉ፤ እኛ በራሽን ዘይት እንለውጣለን። ድርጅቱ ሰፈሩን ለአውራጃው መሥሪያ ቤት ሊያስረክብ ነው ሲባል፣ የፈራነው ይህን እንዳናጣ ነው።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ መኳንንት ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። "ለአውራጃው ጻፊ ልጄ። መሬቱ የእናንተ ነው፤ ገበያችን ግን ይጠበቅልን በይ።"

"ይጠበቅልን" እንዳለ ይቆይልን ነው ወይስ ዘብ ይቁምለት? አመነታሁ። አልገባኝም ለማለት አፈርሁ። "ሒራሳ" ብዬ ጻፍሁ፤ ዘብ ማቆም ማለት ነው። ሱዳኖች የፖሊስ እስር ቤቱንም ሒራሳ ይሉታል።

ርክክቡ በተፈጸመ በሳምንቱ ወታደሮች መጡ። መግቢያው ላይ ገመድ ወጠሩ፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት የሚያልፍ የለም አሉ። ባለማሽላዎቹ አህዮቻቸውን መልሰው ሄዱ። አያ መኳንንትና እኔ አዲሱ አስተዳዳሪ ዘንድ ገባን።

"ዘብ አቁሙልን ብላችሁ የለመናችሁ እናንተ!" አለ ደብዳቤውን እያወዛወዘ፣ ፈገግ ብሎ።

አያ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አለ?"

"ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው ይላሉ።"

"ታዲያ ምን ያስቀዋል?"

"እንጃ።"

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። መዝገበ ቃላቱን እገልጣለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ገመዱ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ሴቶቹ ባዶ ቁናቸውን ደፍተው ተቀምጠውበት ይቀልዳሉ፦ "ገበያችን ሒራሳ ገባ አሉ! ምን ሰርቆ ይሆን?" ቃሉ የኔ መሆኑን አያውቁም።

ከዓመታት በኋላ አያ መኳንንት ወደ መተማ ሊመለሱ ጓዛቸውን ሲያስሩ ነገርኋቸው፤ የጻፍሁትንም፣ አስተዳዳሪው ፊት የዋሸሁትንም።

የያዙትን ጠፍር ለቀቁት። "ዘብማ ሌባ ላለበት ነው። እኛ መች ሌባ ነበረን?" አሉ። ጠፍሩን መልሰው እያነሡ ደግሞ፣ "ያን ዕለት ብትነግሪኝ እኮ ሌላ ደብዳቤ እናስጽፍ ነበር።"

አስተርጓሚ ያልገባውን ይጠይቃል፤ ስሕተቱንም በዚያው ቀን ይናገራል።