ከአርባ አሥራ ሁለት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ ጎረቤቴን መቀየሜንም ነግሬያቸዋለሁ። ይህኛው ግን በማርክ መዝገብ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ኃጢአት አልመሰለኝም ነበር።

ላሊበላ ላይ ሒሳብ አስተምር ነበር። ከመቶው አርባው ተከታታይ ምዘና ነው፦ የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ አጫጭር ፈተና፤ ልጁ የቱ ጋ እንደተሰናከለ አይቶ መመለሻ። ያን ዓመት አንዱንም አልሠራሁም። ርዕሰ መምህሩ ማርክ አምጪ ብሎ ሲያጣድፈኝ ስም ዝርዝሩን ዘርግቼ አርባውን የልጆቹን ፊት እያሰብሁ ሞላሁት። "ዝም ብለሽ ሙዪው፣ ማን ያየዋል?" ያለኝ እሱ ነው። ዛሬ ደጀ ሰላም ላይ ሲያገኘኝ እንደ ጻድቅ አንገቱን ይሰብራል። አልረሳሁለትም። የሞላው እጅ ግን የእኔ ነው።

ለሚስቅልኝ ሠላሳ አምስት ሰጠሁ፤ ዝም ለሚለው ሃያ አምስት። የአበራሽ ስም ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሰሌዳ ላይ ስሳሳት "ቲቸር፣ እሱ እኮ ሦስት ነው!" ብላ ክፍሉን ያሳቀችብኝ ልጅ ናት። አሥራ ሁለት ጻፍሁ። ምኗን መዝኜ? የመዘንሁት ቂሜን ነው። በሌላውም ትምህርት የመውደቅ አፋፍ ላይ ነበረችና የእኔው ገፍቶ ጣላት። አባቷ ካርዱን ይዘው መጡ።

"መምህርት፣ ልጄ ጭንቅላት የላትም ማለት ነው?"

እኔስ ምን አልሁ? "ካርዱ ይናገራል" አልኋቸው። በዓመቱ አልተመለሰችም።

ዛሬ ጥልፍ ቤት አላት። ሳልገባ ካለፍሁ ትቀየመኛለች፤ ስገባ ወንበሯን ትለቅልኛለች። "አረጁ እኮ ቲቸር፣ ቁጣዎ ብቻ ነው ያላረጀው!" ትለኛለች። እንዲህ የሚደፍረኝ ሌላ ሰው የለም። እወዳታለሁ። ሦስት ልጃገረዶች ታሠለጥናለች፤ የእያንዳንዷን ጥልፍ በየቀኑ ገልብጣ ጀርባውን ታያለች።

"ፊቱማ ያታልላል። ይኸ ቀንቶልሻል፤ እዚህ ጋ ክሩን አጥብቀሽዋል፣ ፍቺና ድገሚው።"

በማግስቱ ያንኑ ቦታ ደግማ ታያለች። ልጅቷ የቱ ጋ እንደቀራት ታውቃለች፤ አበራሽም ምን እንዳላስተማረች ታውቃለች። እኔ ሳልሠራ የሞላሁት አርባ ይህ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በቀሚስ ጠርዝ ላይ ዘጠኝ መስቀል እኩል ለማዳረስ ጨርቁን ለሦስት አጠፈችው፤ ያንኑ መልሳ ለሦስት አጠፈችና ምልክት አደረገችበት። መለኪያ አልነካችም። ልጇ ሊዲያ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ በሒሳብ ወድቃለች።

"አይፍረዱባት ቲቸር፣ በኔ ወጥታ ነው። ሒሳብ ለኛ አልተፈጠረም። ከእንግዲህ ትምህርቱ ይቅርባትና መርፌ ትያዝ ብያለሁ" አለችኝ፣ የታጠፈው ጨርቅ ገና እጇ ላይ ሳለ።

እውነቱን ሳልነግራት ተሰናብቻት ወጣሁ። ለሁለተኛ ጊዜ በደልኋት።

አበራሽ፣ ይህን ወረቀት ነገ አመጣልሻለሁ። ያን አሥራ ሁለት አንቺ አላመጣሽውም፤ እኔ ነኝ ሳልመዝንሽ የጻፍሁት። ለልጅሽ አታውርሺው። ይቅርታሽን ብትነፍጊኝ አልቀየምሽም፤ ወንበርሽንም አትልቀቂልኝ። ሊዲያ ግን ደብተሯን ይዛ ትምጣ። እንደ ጥልፍሽ ገልብጠን እንይላት፣ ቋጠሮው የት ጋ እንደሆነ።