በመዳፍ የተቀመሰ ውሃ

እጄን በጠፍር አስረው ወረታ ባስገቡኝ ቀን፣ የታሰርኩበት ቤት የማውቀው ቤት ሆኖ አገኘሁት። እሜቴ የምንላቸው የእኒያ ባልቴት ጠጅ ቤት ነበር። ፖሊስ ጣቢያው በሰው ሞልቶ፣ ወንዶቹን አዳራሹ ውስጥ፣ እኛን ሴቶቹን ጠጅ መጣያው ጓዳ ውስጥ አጎሩን። በሩ ሲዘጋብኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ የማርና የጌሾ። ጋኖቹን አውጥተው ወስደዋቸዋል። የተቀመጡባቸው ጉድጓዶች ብቻ መሬቱ ላይ ክብ ክብ ሆነው ቀርተዋል። ንቦቹ ግን ይህን አልሰሙም። በግድግዳው ሽንቁር እየገቡ ማሩን ይፈልጋሉ፣ ያጡታል፣ ተመልሰው ይወጣሉ።

ያ ቤት ለዚህ የተሠራ አልነበረም። ወረታ ገና ከተማ ሳትባል የእሜቴ ቅድመ አያት ናቸው አሉ ያቆሙት። ከደብረ ታቦር የሚወርድ፣ ወደ ጎንደር የሚወጣ ነጋዴ በቅሎውን ደጁ ላይ ሳያስር አያልፍም ነበር።

እኔ መጀመሪያ የገባሁት በተዳርኩ ዓመት ነው። ባሌ ገበያ ወስዶኝ ሲያበቃ «ዛሬስ ትልቅ ቤት አሳይሻለሁ» ብሎ ይዞኝ ገባ። ሴት ጠጅ ቤት ምን ትሠራለች ብዬ በነጠላዬ ተሸፍኜ ከኋላው ተወሸቅሁ።

«ይቺን ወፍ ከየት አጠመድካት?» አሉት እሜቴ።

ለሱ ጠጅ፣ ለኔ ብርዝ አመጡልን፤ ገና ያልፈላውን፣ ማርና ውሃውን። ብርሌውን ከመስጠታቸው በፊት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱልኝ። በአገራችን አስተናጋጅ ሳይቀምስ አይሰጥም። ክፉ ነገር ካለበት እኔን ይቅደመኝ ማለት ነው። ለባሌ ሲቀምሱለት ልማድ ነው አልኩ። ለኔ፣ የመንገዱ ጭቃ ገና እግሯ ላይ ላልደረቀላት ልጅ ሲቀምሱ ግን ደነገጥሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለኔ ብሎ የቀመሰልኝ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ መታሰሬ በችካል ነው። በንጉሡ ጊዜ ቀላድ ጣዮች፣ መሬት በገመድ የሚለኩት ሰዎች፣ መጥተው ማሳችን ላይ ችካል ተከሉ። ከተለካ በኋላ ግብሩ እንደሚከብድ፣ ተረፈ የተባለውም መሬት ለሌላ እንደሚሰጥ ወሬው ቀድሞ አገሩን ሞልቶታል። ወንዶቹ እሜቴ ቤት ተሰብስበው መከሩ፤ አቤት እንበል፣ እስኪሰሙን አናስለካ አሉ። እኛ ሴቶቹ አልመከርንም። ውሃ ቀድተን ስንመለስ ችካሉን ነቀልነው። ደረቅ እንጨት ነው። ፎገራ ደግሞ እንጨት የት አለ? ኩበት ነው የምናነደው። ታዲያ ምን እናድርገው፤ አነደድነው።

«የመንግሥትን ችካል ወጥ ሠርተሽበታል?» አለኝ አስር አለቃው ሲይዘኝ።

«ሽሮ ነው፣ ጌታዬ» አልኩት።

በጥፊ የመታኝ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ይጮህብኛል።

ባሌ ከኔ በፊት ተይዟል። እሜቴም ቤታቸውን ለአድማ ሰጥተዋል ተብለው በገዛ ጓዳቸው እስረኛ ሆነዋል። ግራ እጃቸው አብጦ ጣታቸው አይታጠፍም። ምን ሆነው ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝ። የጋኑ ጉድጓድ ውስጥ ጋቢያቸውን አንጥፈው «ነይ፣ እዚህ ይሻልሻል፤ ለነፍሰ ጡር ወገብ ጥሩ ነው» አሉኝ።

ሚያዝያ ነበር። ሜዳው ሲቃጠል ሙቀቱ እስከ ጓዳው ይገባል። አዳራሹ ያሉት ወንዶች ግን ውሃ አይጠጡም። ፖሊሶቹ ከርብ ወንዝ ያስቀዱትን ውሃ በበርሜል አስገብተውላቸው፣ መጀመሪያ የጠጣው አንድ የይፋግ ሰው ሲያስመልሰው አደረ። «መድኃኒት አድርገውበታል» የሚል ነገር ገባ። ከዚያ ወዲህ የመጠጫውን ቅል የነካ የለም። ባሌን ደግሞ ወባ ይዞታል። የግድግዳው ጭቃ በረገፈበት በኩል ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጠዋለሁ። ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ይቃዣል፣ በሬዎቹን በስማቸው ይጠራል። ቆይቶ ዝም ይላል። የምፈራው ዝም ሲል ነው። ፎገራ ተወልዶ የወባን ነገር የማያውቅ የለም፤ በሽተኛው ውሃ ካጣ አይሰነብትም።

«ዝም አለ፣ እሜቴ» አልኳቸው።

ተነሡና ወደ አዳራሹ የሚወጣውን በር በክርናቸው ደበደቡት። አስር አለቃው ከፈተ። ከኋላው አንድ ነጭ ለባሽ ቆሟል፤ የአገራችን ገበሬ ነው፣ መንግሥት ጠመንጃ አስይዞ እኛን ያስጠብቀዋል። ዱሮ እዚያው ቤት ሲጠጣ የኖረ ሰው ስለሆነ እሜቴን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«እዚህ ቤት ሰው ውሃ ጠምቶት ውሎ አያውቅም» አሉ እሜቴ።

«አሮጊት፣ ቤትሽ ዛሬ ወህኒ ነው» አላቸው አስር አለቃው።

«ይሁን። ወህኒው የማን ነው?»

«የመንግሥት ነዋ!»

«እንግዲያው ባለቤቱ ይቅመስላቸዋ። መንግሥት ይቅመስላቸው።»

ነጭ ለባሹ ሳል እንደያዘው ሁሉ አፉን በጋቢው ሸፈነ። አስር አለቃው በርሜሉን አየ፤ ቅሉን አየ። «እኔ አልጠማኝም» አለ። አዳራሹ ውስጥ ይሰማ የነበረው ጉርምርምታ ጸጥ አለ። ከወሬው ሁሉ ይበልጥ ይቺ ቃል አስፈራቻቸው። ሰውየው ክፉ ነበር ወይ ብለው ዛሬ ልጆች ይጠይቁኛል። እኔ እንጃ። አንዲት ጠብታ ቢቀምስ ኖሮ ሁሉም ይጠጡ ነበር፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

እሜቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ወባ የያዘው ልጅ እጅህ ላይ ይሞታል። ሬሳ ጭነህ ነው ጎንደር የምትወጣው?»

አስር አለቃው ቅሉን ወደሳቸው ገፋው። «አንቺው ቅመሺና ሙቺላቸው እንግዲህ።»

«ወጉስ እሱ አይደል» አሉት።

እጃቸው አልያዝ ስላላቸው ቅሉን እኔ ያዝኩላቸው። ከመጀመሪያው ሰው ፊት ሲደርሱ ቆም ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ደህናውን መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ጠብ አደረግሁላቸው፣ ቀመሱ። «ይጠጡ ጌታዬ፤ ቤት ያፈራው ነው» አሉት፣ ጠጅ ሲሰጡ ይሉት እንደነበረው። ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣና በሁለት እጁ ተቀበለ። ወደ ቀጣዩ ስንሄድ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ።

«አንዴ ቀመስሽ አይደለም እንዴ? ውሃው ያው ነው!» ብሎ ጮኸ አስር አለቃው።

«እንግዳ በጅምላ አይስተናገድም» አሉት፣ ዞር ሳይሉ።

ለእያንዳንዱ ቀመሱ። ያ የይፋጉ ሰው እንኳ ጠጣ። ነጭ ለባሹ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆመ።

ባሌ ጥጉ ላይ መደቡን ይዞ ተኝቷል። ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል፤ ዓይኑ ግን አወቀኝ። እሜቴ መዳፋቸውን ሰበሰቡ።

«ለዚህ እንኳ አንቺ ቅመሺለት» አሉኝ።

«አይሆንም» አለ እሱ። «ሆድ ይዛለች። እሜቴ ይቅመሱልኝ።»

«እኔ ሆዴ ሞላ፣ ልጄ።»

በዚያን ጊዜ ሴት ባሏን በሰው ፊት አንተ አትለውም። እኔም ከጓዳችን በቀር አንቱ ነበር የምለው። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ከመዳፌ ጠጣሁና «አንተ፣ ጠጣ» አልኩት። ውሃው ጭቃ ጭቃ፣ ዝገት ዝገት ይላል። አንገቱን ደገፍኩለት። ዓይን ዓይኔን እያየ ጠጣ፤ ደግሞ ጠጣ። ሲጨርስ «ብርዝ ነው እኮ» አለኝ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ሲስቅ ደማ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁለት።

ከዚያ ውሃ የሞተ የለም።

በማግስቱ መኪና መጣና ወንዶቹን ወደ ጎንደር ጫኗቸው። በንቦቹ ሽንቁር ያየሁት ጀርባውን ነው፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈውታል። ክረምቱ ሲወጣ ሌሎቹ ተመለሱ። ወባው ነው የገደለው ያሉኝ አሉ፣ አይደለም ያሉኝም አሉ። የት እንደተቀበረ ያሳየኝ ግን የለም። መቃብር ስለሌለው ተዝካሩን ጣራ ገዳም አወጣሁለት። እኔን የለቀቁኝ ሆዴ ገፍቶ ነው፤ ሴት ልጅ ወለድኩ። መሬቱም ተለካ። እሜቴ ጋኖቻቸው ሳይመለሱላቸው አረፉ። ደጃቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ውስጥ መግባት አልሆነልኝም።

አምና ለጉልበቴ ወንዛዬ ፍልውሃ ሰንብቼ ስመለስ ወረታ ወረድኩ። ወዴት እንደምሄድ ሳላስብ እግሬ ወሰደኝ። ቤቱ አለ። ቆርቆሮ ለብሷል፣ ደጁ ላይ የቢራ ሣጥን ተደርድሯል፣ ዘፈኑ ደረት ይመታል። አስተናጋጇ ልጅ ደግ ናት፤ ስታየኝ ዘፈኑን ቀነሰችልኝ። መደቡ ፈርሷል። ባሌ ተኝቶበት የነበረው ጥግ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ነበር፣ እዚያ ተቀመጥኩ። የታሸገ ውሃ አመጣችልኝ።

«ቅመሺልኝ፣ ልጄ» አልኳት።

«እማማ፣ እሽግ ነው እኮ! ማንም አልነካውም።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ቅመሺልኝ።»

ቆማ አየችኝ። ጃጅተዋል ብላ ይሆናል። ከዚያ ከፈተችውና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። አፈረችና ሳቀች፤ እጇን በልብሷ ጠረገች። ይህን ወግ ማንም የነገራት አይመስለኝም።

ግማሹን ጠጣሁ። ግማሹን ጥጉ ላይ፣ ግድግዳው ሥር አስቀምጬ ተነሣሁ።

«እማማ፣ ውሃዎ ቀረ!» አለችኝ ከኋላዬ።

«ይቆይ፣ ልጄ» አልኳት። «ተቀምሷል።»