ጣሪያ ጠጋኙና አሮጌው ፖስታ ቤት

ባልደረቦቹ «ድመቴ» ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመሀል ከተማውን ጣሪያ ሲጠግን ኖሮ አንድም ቀን አልወደቀም፤ የወደቀው መዶሻው ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ዳኛ ባርኔጣ ላይ። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ሥራውን ተወና ቤት ዋለ። ቤት መዋሉ ግን ሚስቱን አሰለቻት፤ የኩሽናዋን ጣሪያ በሳምንት ሁለቴ ይመረምርባታል።

ሴት ልጁ የከተማዋን አሮጌ ሕንጻዎች በእግር እያዞረች ማስጎብኘት ስትጀምር፣ ለመጀመሪያው ቅዳሜ የተመዘገበላት አራት ሰው ብቻ ሆነ።

«አባዬ፣ ሰው በዛ እንዲል አንተም ናልኝ» አለችው።

«እኔ የማላውቀው ቤት ኖሮ ነው?» እያለ ጫማውን አሰረ።

ከታች ሆኖ ሲያየው ግን አገሩ ጠፋበት። ሆቴሉን ባንክ ነው አለ። የመስኮቶቹን ቅስት፣ የበረንዳዎቹን ብረት፣ የተጠረበውን ድንጋይ አፉን ከፍቶ ያያል። «ይሄ ሁሉ ጌጥ እዚህ ነበር እንዴ!» ለካ ያን ሁሉ ዓመት የሚያውቀው አናታቸውን ብቻ ኖሯል።

አሮጌው ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ ልጁ ቆመችና፣ «ይህን ሕንጻ ማን እንደሠራው እስከ ዛሬ አይታወቅም» አለች።

«ማነው ያለው?» አለ ድመቴ። «ተጽፏል እኮ!»

«የት?»

«ላይ ነዋ! ከአሸንዳው ጀርባ። ስንቴ አንብቤዋለሁ።»

«እና እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

የያዘችው ወረቀት ከእጇ አመለጠ። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ድመቴን ከድሮ ታውቀዋለች፤ ነገሩን ስትሰማ ቁልፍ ይዛ እየሮጠች መጣች። ሁሉም በጠባቡ የእንጨት ደረጃ ወደ ጣሪያው ተከታትለው ወጡ። ድመቴ ጉልበቱን ረስቶ ከፊት ነው፤ «ምስማሩ ያለበትን እርገጡ፣ መሀሉን አትንኩ!» እያለ ያዛል። ከጎብኚዎቹ አንዷ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ጫማዋን አውልቃ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ተከተለችው።

ከአሸንዳው ጀርባ፣ ከመንገድ በማይታየው የግንቡ ገጽ ላይ ድመቴ ደረቁን ቅጠል በክንዱ ጠረገው። በመሮ የተቀረጸ ጽሑፍ ብቅ አለ። ልጁ ጣቷን እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበችው።

«እኔና እህቴ ገነባነው። ዝናቡ ሦስት ጊዜ አፈረሰብን፤ በአራተኛው ቤቱ ቆመ።»

«እህቴ?» ብላ ጮኸች መምህርቷ። «ሴት ግንበኛ!»

ልጁ እየሳቀችም እያለቀሰችም አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «ይህን ይዘህ ዝም አልክ? አንተ ጉደኛ!»

«ቀስ በይ፣ አሸንዳው አዲስ ነው» አላት፤ እሱ ራሱ ግን አጥብቆ አቀፋት።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሠላሳ ስምንት ሰው ተመዘገበ። ኃላፊዋ ሦስት ሦስት ሰው እንዲወጣ ፈቀደች፤ ድመቴም ላይ ሆኖ እንግዳ ተቀባይ ሆነ። አንድ ቀን ሚስቱ ልትቆጣው ወጣች፤ «ምሳህ ቀዝቅዞ አለቀ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!» ብላ ቀና ስትል ከተማው ከዳር እስከ ዳር ታያት። ውረጂ ቢሏት፣ «ቆይ እስቲ፣ ቤታችን የቱ ጋ ነው?» ብላ እምቢ አለች።