በሁለት እጁ የመለሰው ፍራንክ

ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አውቶቡስ ፀሐይዋን ፈርቶ ከድሬዳዋ በማታ ነው የሚነሳው። እኔም እንደ ሌባ በማታ ወጣሁ። እማዬ የበሩን መቃን ይዛ ታለቅሳለች፤ አባባ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። መብራት ጠፍቶ ነበር እኮ! በዚያ ጨለማ ምን እንደሚያነብ እሱ ይወቅ። "አባባ፣ ልሄድ ነው" አልኩት። ገጹን ገለበጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ዕድሜውን ምድር ባቡር የጨረሰ መካኒክ ነው። ማንዶሊን ይጫወት ነበር፤ ገና በልጅነቴ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ክር ያስቃኘኝ እሱ ነው። ሙዚቃ ግን ለእሱ የቤት ጉዳይ ነው። የጎረቤት ሠርግ ላይ ማይክ ይዤ ስዘፍን አንድ ሞቅ ያለው እንግዳ መቶ ብር አውጥቶ ግንባሬ ላይ ለጠፈልኝ። ሽልማት ነው፣ አገር የሚያደርገው ነው። አባባ ግን ከዳሱ ተነስቶ ወጣ። "ልጄን እንደ ግድግዳ ለጠፉባት" አለ አሉ። ለእኔ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ወይ መድረኩን ተዪ፣ ወይ እኔን አታናግሪኝ።" እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ግልጽ ነው። ወጣሁ።

ድሬ ያደገ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ብሎ ይኮራል። እኔም እንደዚያ ስል ነበር፣ አፌን በቆረጠው! የድሬ ሙቀት ሲመሽ ሰው ይምራል፤ የጅቡቲው አብሮሽ አልጋ ላይ ይወጣል። ውሃው ጨው ጨው ይላል። ጠዋት ጠዋት ትኩስ የሚሸጠው ረጅሙ ዳቦ፣ ባጌት የሚሉት፣ እውነቱን ልናገርና እማዬ ትቀየመኝ፣ የኛን ዳቦ ያስንቃል።

በሠራተኛነት የገባሁት ካርቲየ 4 በሚባል ሰፈር፣ ማዳም ሐስና የምትባል መበለት ቤት ነው። ከሀገሩ የወጣ ሀገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ? ሐስና ግን አልጫነችኝም። ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። ፓስፖርቴን ስሰጣት "ያንቺ አይደለም እንዴ? ራስሽ ያዢው!" ብላ ተቆጣችኝ። ዓርብ ዓርብ ዕረፍቴ ነው። ስንት እህቶቼ ይህን ዕድል እንዳላገኙ ስለማውቅ፣ ስሟን ባነሳሁ ቁጥር እግዜር ይስጣት ሳልል አላልፍም።

ሰገነቱ ላይ ያለችውን ክፍል ያከራየችው ለአንድ ጃፓናዊ ነበር። ታኩያ ይባላል። ፀጉሩ ወገቡ ላይ ይደርሳል፤ በዚያ ሐሩር ከላይ እስከ ታች ጥቁር ይለብሳል። አገሩ ሜታል ይጫወት ነበር፤ ጊታሩ እንደ ጄኔሬተር የሚያጓራበት ሙዚቃ ነው። በዚያው ሙዚቃ በውጭ አገር ስም አወጣለሁ ብሎ ተነሳ። የኛን ቅኝቶች ከጄኔሬተሩ ጋር ላጋባቸው ብሎ አዲስ አበባ ገባና፣ አንድ ሽማግሌ መምህር ቤት ተቀምጦ አንድ ዓመት ተማረ። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲያልቅ "ወጥተህ ተመለስ" አሉት። ጅቡቲ ወጣ። ቪዛው ቢጠበቅ ቢጠበቅ አልመጣ አለ። ወደቡ አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል ጊታሪስት ጎድሎት ኖሮ ቀጠረው። እንደ እኔው እንግዳ ሆኖ ቀረ።

ጅቡቲ ቀትር ላይ ጫቱ ከኛ አገር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ ዝም ነው። "ከጫት በኋላ ድምፅ የሰማሁ ለታ ጊታርህን ለዓሣ አጥማጆች ነው የምሰጠው" ብላዋለች ሐስና። ስለዚህ ከኤሌክትሪኩ ነቅሎ፣ ትንኝ እስኪመስል ድረስ ቀስ አድርጎ ይለማመዳል። አንድ ቀን ልብስ ላወርድ ሰገነት ስወጣ አምባሰል ሰማሁ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። "ይኼን መምህርህ ነው ያስተማረህ?" አልኩት። "አይደለም። የአያቴ መንደር ዘፈን ነው። ቅኝቱ አንድ ነው" አለ። አምባሰልን ከባሕር ማዶ ማን ወሰደው ጃል!

"ቆንጆ ነው፤ ግን ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች" አልኩት፣ ልብሴን እያጣጠፍኩ።

አየኝ። መቃኛውን አውጥቶ ለካት። እውነትም ወርዳለች፤ የባሕሩ እርጥበት ክር አያስቀምጥም። ከዚያ ተነስቶ ወገቡ ድረስ ጎንበስ አለና "እርስዎ ትክክል ነዎት" አለኝ። እርስዎ! የልብስ መቆንጠጫ አፌ ላይ የነከስኩትን ሴት! ከድሬ ከወጣሁ ጀምሮ አንቱ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ እኔ እዘፍናለሁ፣ እሱ ይጫወታል። የመኖሪያ ፈቃድ ለማደስም አብረን ነው የተሰለፍነው። የቢሮው ሰውዬ የእሱን ፓስፖርት ገልብጦ ገልብጦ፣

"ጃፓን ጦርነት አለ?" አለው።

"የለም።"

"ረሃብ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ተሰደድክ?"

"ጊታር ልጫወት።"

"አገርህ ጊታር ይከለከላል?"

"አይከለከልም። እዚያ ጊታሪስት በጣም ብዙ ነው።"

ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ "አንቺስ?" አለኝ። "ሰው ቤት ነው የምሠራው" አልኩ። "ተመስገን፤ ይቺ ትገባኛለች" አለና የእኔን ቶሎ መታልኝ። ታኩያን ሦስት ጊዜ አመላልሶታል። ሐበሻ ከጃፓን ቀድሞ ማኅተም ያገኘበት ቀን እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ዓርብ ዓርብ እማዬ ጋ እደውላለሁ። ሁልጊዜ "አባባስ?" እላለሁ። "እዚሁ ነው፣ ጋዜጣ ይዟል" ትላለች። ሳሉ ይሰማኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአባቴ ያገኘሁት ያንን ሳል ነው። ከሳሉ ጉንፋን እንደያዘው፣ ከወንበሩ እንደተነሳ ለይቼ አውቅ ነበር። እውነቴን ነው፣ አንዳንዴ ለእማዬ ሳይሆን ለሳሉ ነበር የምደውለው።

አንድ ዓርብ ፒኬ ዱዝ፣ ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት ሰፈር፣ የሾፌሮቹን ምግብ ቤት የያዘችው ሴት ልጇን ዳረች። እኛን ጠራችን። ቀትር ነው፣ ዳሱ በሾፌር ጢም ብሏል። ታኩያ አምባሰሉን በዚያ በሚያጓራው ጊታር ሲያነሳው መጀመሪያ ሰው ደነገጠ፤ እኔ ስገባበት ግን ቤቱ ተነሳ። ፀጉሩን ሲወዘውዘው ሾፌሮቹ እስክስታ መሰላቸውና አብረውት ወረዱ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያኔ ጋሽ መኮንን ተነሳ። ጋሽ መኮንን የድሬ ሾፌር ነው፤ ከአባባ ጋር አብሮ አደግ ነው። አንድ ሺህ ፍራንክ አውጥቶ ግንባሬ ላይ ለጠፈ። ሌላውን ታኩያ ግንባር ላይ ደገመ። እኔ ክው አልኩ፤ የአባባ ፊት መጣብኝ። ታኩያ መጫወቱን አቆመ። የራሱን ከግንባሩ ላጠ፤ ይቅርታ ብሎ የእኔንም ላጠ፤ ደራርቦ አስተካከለና በሁለት እጁ፣ ወገቡ ድረስ ጎንበስ ብሎ፣ ለጋሽ መኮንን መለሰለት።

የሚጨፍሩት ሾፌሮች ባሉበት ቆሙ።

"የኔ ፍራንክ ይሸታል?" አለ ጋሽ መኮንን። ዓይኑ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ ባለማወቅ ነው፣ አፈር ስሆን..." ብል ማን ሰምቶኝ። "ለአባትሽ እነግርብሻለሁ!" ብሎ ወጣ።

መንገድ ላይ ታኩያ ላይ ጮህኩበት። አዲስ አበባ ዓመት ተቀምጦ ሽልማት አለማየቱ! ለካ ሲመሽ ከመምህሩ ቤት ወጥቶ አያውቅም። "የሙሽራዋ እናት ከፍላናለች፤ ከእንግዳ ብቀበል እሷን ማዋረድ ነው። ደግሞም ፍራንኩ ሲለጠፍብዎ ፊትዎ ከፋ" አለኝ። አንድም ሰው አላየኝም ብዬ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ደወልኩ። ጋሽ መኮንን ድሬ ገብቷል፣ ለአባባ ሁሉን ዘርዝሯል፣ አለቀልኝ ብያለሁ።

"መኮንን መጥቶ ነበር" አለች እማዬ።

"አውቃለሁ እማዬ።"

"አባትሽ ሦስት ጊዜ አስደገመው። 'ከእሷም ግንባር ላጠ?' ይለዋል። 'ላጠ!' ይላል መኮንን እየተንጨረጨረ። 'በሁለት እጁ መለሰ?' ይለዋል። 'በሁለት እጁ!' ከዚያ አባትሽ መኮንንን ራት ብላ ብሎ አስቀረው።"

ሰገነቱ ላይ ነበርኩ። እንባዬ ከላቤ ጋር ተደባልቆ ስልኩን አሙለጨለጨው። ታኩያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ጊታሩን ታቅፎ ተቀምጧል። "ያችን የአያትህን ዘፈን ተጫወታት" አልኩት፣ ስልኩን ወደ ክሮቹ አስጠግቼ። ተጫወታት። እኔ አልዘፈንኩም።

ሲጨርስ፣ መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ልዘጋው ስል ያ ሳል መጣ። ወንበር ተንቀጫቀጨ፤ ጋዜጣ ሲታጠፍ ሰማሁ።

"ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች" አለ አባቴ። "ንገሪው።"

"እሺ አባባ" አልኩ። "እነግረዋለሁ።"