ፕሮሰሰሩ ያተረፈው ከሰዓት

ሰፈሩ «ኢንጂነሯ» ይላታል እንጂ ኢንጂነር አይደለችም፤ ሃያ ስድስት ዓመት የቤት ፕላን ስትነድፍ የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ወጥታም ሥራውን አልተወችም፤ መኝታ ቤቷ ጥግ ባለች ጠረጴዛ ላይ ትሠራለች። ኮምፒውተሩን ከአሥር ዓመት በፊት በገዛ እጁ የገጣጠመላት ባሏ ነው። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ልጅ አልወለዱም።

ማሽኑ አርጅቷል። የአንድ ቤት ምስል ከነጥላው፣ ከነመስኮቱ አውጣ ስትለው ከጠዋት እስከ አመሻሽ ያቃስታል። እስኪጨርስ ልብስ ታጥባለች፣ ድስት ትጥዳለች፣ መለስ እያለች «አልጨረስክም እንዴ?» ትለዋለች። ቀኑን ሙሉ ሌላ የምታናግረው አልነበራትም።

በመጨረሻ አንድ ደንበኛ መዘግየቱ አስመርሮት ሥራውን ለሌላ ሰጠባት። በማግስቱ ኮምፒውተሩን አቅፋ ጥገና ቤት ሄደች።

«አዲስ ቢገዙ አይሻልም፣ እትዬ?» አላት ቴክኒሻኑ ክዳኑን እየፈታ።

«አይሻልም» አለች።

ማሽኑ እንዲፈጥን አንጎሉ፣ ፕሮሰሰሩ፣ መቀየር ነበረበት፤ ለአሮጌው ማዘርቦርድ የሚሆን ግን ሁለት ብቻ ተገኘ፤ አንዱ ባለ ስድስት ኮር፣ ሌላው ባለ ስምንት።

«ስምንቱን ስጠኝ። ለምስል ሥራ ኮር ሲበዛ ነው የሚፈጥነው።»

«እሱስ ልክ ነዎት። ግን በጣም ይግላል፤ ማቀዝቀዣውም ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላዩም መቀየር ሊኖርባቸው ነው። ቦርዱም አርጅቷል፤ የቆጡን አወርድ ብለው የብብትዎን እንዳይጥሉ። ስድስቱ ባለው ዕቃ ይሠራል።»

ሁሉም ከተቀየረማ ባሌ ከገጠመው ምን ሊቀር ነው ስትል በሆዷ አሰበች። «ስድስቱ ይሁን» አለች።

ቴክኒሻኑ ማቀዝቀዣውን ነቅሎ አነሳው። ብረቱ ጠርዝ ላይ፣ ፕሮሰሰሩ በሚቀባው ነጭ ቅባት፣ የአውራ ጣት አሻራ ከነመስመሩ ደርቆ ቀርቷል። ከባሏ በቀር ያንን ዕቃ የነካው ሰው የለም። ጎንበስ ብላ አየችው። ቆይ ልትል አፏን ስትከፍት ቴክኒሻኑ አልኮል በነከረ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሙልጭ አደረገው።

«አሁን ጸዳ» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ማሽኑ ፈጠነ። ጠዋት የጀመረችው ምስል ረፋድ ላይ ያልቃል። አዳዲስ ሥራም አልጠፋም፤ ቢሆንም ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት አልገፋ አላት። የታጠበ ልብስ ደግማ ታጥፋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ኮምፒውተሩን አቅፋ ተመለሰች። «ማራገቢያው ይጮህብኛል» አለችው ቴክኒሻኑን። ሰክቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«ምንም የለውም እኮ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወንበሩ ላይ የተከመረውን የኬብል ጥቅል ወደ መሬት አወረደና «እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አላት። ተቀመጠች። እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እሷም ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ሲፈታና ሲገጥም ስታየው ቆየች።